ደመወዝ ማራገፍ ኮከብ ያመጣል?

እንጅባራ ውስጥ ኳስ የምናይበት ሻይ ቤት ሐምሌ ሲገባ የማይቀር ክርክር አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የዝውውር ወሬ ይደራል፤ አንዱ ብድግ ይልና «ሁሉንም አሰናብቶ አንድ ትልቅ ሰው ማምጣት ነው!» ይላል። ስለ እኛ ክለቦች ሲሆን ነገሩ ከንዴት አያልፍም። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ግን ክለቦች ይህንኑ በሂሳብ ባለሙያ አስልተው አድርገውታል። ውጤቱም ተመዝግቦ ተቀምጧል። (የኤንቢኤ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን በእኛው።)

ተረት፦ «ቦታው ክፍት ከሆነ ኮከቡ ይመጣል»

እውነታው፦ አንድ የኤንቢኤ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2025–26 የውድድር ዘመን 154.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ውሉ ያለቀ የሌላ ቡድን ኮከብ ለማስፈረም ከጣሪያው በታች የእሱን ደመወዝ የሚያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ደመወዝ ማራገፍ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ውል ያላቸውን ተጫዋቾች ለሌላ ቡድን አሳልፎ ቦታ መክፈት፣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የአንዱ ተጫዋች ደመወዝም ወሰን እንዳለው ነው፦ እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከጣሪያው 25፣ 30 ወይም 35 በመቶ። ስለዚህ ቦታ ያለው ቡድን ሁሉ ለኮከቡ የሚጠራው ዋጋ ያው ነው። እንዲያውም የቀድሞ ቡድኑ አንድ ዓመት ጨምሮ፣ ከፍ ባለ ዓመታዊ ጭማሪ ሊያስፈርመው ይችላል። ሁሉም ገዢ አንድ ዋጋ ከጠራ ሻጩ ሌላ ነገር ማየቱ አይቀርም፤ ተጫዋቹም የሚያየው አሠልጣኙን፣ አብረውት የሚሰለፉትን፣ የክለቡን አመራር ነው።

ኒው ዮርክ ኒክስ ይህንን ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ አይቶታል። ከ2008 ጀምሮ ሁለት ዓመት ደመወዝ ሲያራግፍ ቆይቶ በ2010 ሌብሮን ጄምስን ጠበቀ። ሌብሮን ማያሚ ሄደ። ኒክስ አማሬ ስታውዳማየርን በአምስት ዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ውል አስፈረመ፤ የሰውዬው ጉልበት ውሉን ያህል አልቆየም። ይህ ትምህርት አልሆነም። በጃንዋሪ 2019 ክለቡ የራሱን ወጣት ኮከብ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለዳላስ ሰጥቶ ለሁለት ትልልቅ ተጫዋቾች የሚበቃ ቦታ ከፈተ። ኬቨን ዱራንትና ካይሪ ኧርቪንግ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ካለው ብሩክሊን ጋር ተስማሙ። በፖርዚንጊስ ልውውጥ ወደ ኒክስ የመጣው ዲአንድሬ ጆርዳን እንኳ ተከትሏቸው ሄደ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ተረት፦ «ማያሚስ ያደረገው ይህንኑ አይደል?»

እውነታው፦ ማያሚም አራግፏል። ያላራገፈው ድዌን ዌድን ነው። በ2003 በሊጉ የወጣቶች ምርጫ ራሱ ወስዶ ያሳደገው፣ በ2006 ዋንጫ ያስገኘለት ዌድ እዚያው ነበር። ሌብሮንና ክሪስ ቦሽ የመጡት ወደ ዌድ እንጂ ወደ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ የ2012 እና የ2013 ዋንጫዎችም ተከተሉ።

ተረት፦ «የተራገፈው ሁሉ ሸክም ነበር»

እውነታው፦ ሸክምን የሚቀበል ቡድን ክፍያ ይጠይቃል። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በ2017 የቲሞፌይ ሞዝጎቭን ከባድ ውል ለብሩክሊን ሲያስረክብ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በወጣቶች ምርጫ በሁለተኛ ተራ የወሰደውን ዲአንጄሎ ራስልን አብሮ ሰጠ። ሌከርስ በተከታዩ ዓመት ሌብሮንን አግኝቷልና ተጎዳ አይባልም። ግን ራስል በ2019 የኮከቦች ጨዋታ ተሰላፊ ሆነ፣ ብሩክሊንን ለጥሎ ማለፍ አበቃ። ዱራንትና ኧርቪንግ ዓይናቸውን የጣሉበት ቡድን ያ ነው።

እኔ በዚህ ጊዜ የሚታወሰኝ የጎረቤታችን የፋግታ ለኮማ ገበሬ ነው። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፉን ለከሰል ሲቆርጥ በምትኩ የሚተክለውን አስቀድሞ አስቦ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል። መሬቱ ጾሙን አያድርም። ኒክስ ግን ችግኝ ሳይዝ ነበር ዛፉን የቆረጠው።

ተረት፦ «እንግዲያው ማራገፍ ሁልጊዜ ስህተት ነው»

እውነታው፦ ይህም አይደለም። ያው ኒክስ በ2022 ሦስት ተጫዋቾችን ወደ ዲትሮይት ሸኝቶ ጄለን ብራንሰንን በአራት ዓመት 104 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ያኔ ብዙዎች ዋጋው በዛ ብለው ነበር። ልዩነቱ፣ ክለቡ ማንን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር፤ የተጫዋቹ አባት ጭምር በአሠልጣኝነት ተቀጥሯል። (ሊጉ ድርድሩ ከጊዜው በፊት ተጀምሯል ብሎ አንድ የወጣቶች ምርጫ ዕድል ነጥቆታል።) በ2025 ኒክስ ከ25 ዓመት በኋላ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ።

ተረት፦ «ኮከብ ካለ ዋንጫ አለ»

እውነታው፦ ዱራንትና ኧርቪንግ ለብሩክሊን ያስገኙት አንድ የጥሎ ማለፍ ዙር ድል ብቻ ነው፤ በ2023 ሁለቱም በልውውጥ ሄዱ። የ2023ቱ ሻምፒዮን ዴንቨር ደግሞ ኒኮላ ዮኪችን ያገኘው በ2014 በወጣቶች ምርጫ በ41ኛ ተራ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንና ክለቦች በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ይህ እንደ ኤንቢኤ የቡድኑን ጠቅላላ ወጪ የሚገድብ አልነበረም፤ በነፍስ ወከፍ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። በየክረምቱ ግማሽ ቡድን የመለወጥን ልማድ በዚህ ማስቆም አይቻልም። ለሻይ ቤቱ ጓደኞቼ ግን ከደመወዝ ሕግ ይልቅ የ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዥ ይሻላቸዋል። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡና ሁለተኛ ወጣ። ዋንጫው ጎንደር ገባ፤ ለፋሲል ከነማ የመጀመሪያው ነበር።