የላምና የጊደር የወሊድ ችግር፦ መቼ እንጠብቅ? መቼ ባለሙያ እንጥራ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ

መግቢያ

ላም በአብዛኛው ያለማንም እርዳታ ትወልዳለች። ችግር ሲገጥም ግን የዘጠኝ ወር ልፋት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ጥጃው ይታፈናል፣ ላሟ ትሞታለች፣ ብትተርፍም ማህፀኗ ተጎድቶ ዳግም ሳታረግዝ ልትቀር ትችላለች። ለዚህ ጉዳት ዋና መንስኤ የሚሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ምጡ ሲራዘም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ሌላው ጊዜው ሳይደርስ በጉልበት መጎተት ነው። ስለዚህ ሰዓት ይያዙ፣ የጥጃውን አመጣጥ ይመልከቱ፣ ከዚያ ይወስኑ።

1. ጤናማ ወሊድ ምን ይመስላል?

የላም እርግዝና በአብዛኛው ከ275 እስከ 290 ቀን ይወስዳል። የተዳቀለችበትን ቀን ከመዘገቡ የምትወልድበትን ሳምንት አስቀድመው ያውቃሉ። ወሊድ ሦስት ደረጃዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ የማህፀን በር የሚከፈትበት ነው። ላሟ ትቁነጠነጣለች፣ ከመንጋው ትለያለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ጭራዋን ታነሳለች። ግቷ ይሞላል፣ በጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ይላላል። ይህ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ በጊደር ላይ እስከ 12 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ላሟን አያስቸግሯት፣ ሰውም አይሰብስቡባት።

ሁለተኛው ደረጃ የሽርት ውሃ ከረጢት ከታየ ጀምሮ ጥጃው እስኪወለድ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል።

ሦስተኛው ደረጃ እንግዴ ልጁ የሚወጣበት ነው። በጤናማ ወሊድ እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል።

2. ባለሙያ ወዲያውኑ የሚጠራው መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ።

ሀ. የሽርት ውሃው ከታየ 2 ሰዓት ሆኖት ጥጃው ካልወጣ፤
ለ. የወለደች ላም ለግማሽ ሰዓት፣ ጊደር ደግሞ ለ1 ሰዓት አጥብቃ አምጣ ምንም ለውጥ ከሌለ፤
ሐ. አንድ እግር ብቻ፣ ጭንቅላት ብቻ ወይም ጭራ ብቻ ከታየ፤
መ. ሦስት ወይም ከዚያ በላይ እግር ከታየ፤ መንታ ሊሆን ይችላል፤
ሠ. ላሟ ደም በብዛት ከፈሰሳት ወይም ምጡን አቁማ ከደከመች፤
ረ. የሚወጣው ፈሳሽ መጥፎ ሽታ ካለው፤ ጥጃው ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የመንገዱን ጊዜ ይቁጠሩ። ለመድረስ 2 ሰዓት የሚፈጅበትን ሰው ላሟ ስትደክም መጥራት ዋጋ የለውም። ሲጠራጠሩ ቀድመው ይደውሉ።

3. የጥጃውን አመጣጥ ማወቅ

ትክክለኛው አመጣጥ ሁለቱ የፊት እግሮች ቀድመው፣ አፍንጫው በእግሮቹ ላይ ተኝቶ ሲመጣ ነው። የኮቴው መርገጫ ወደ መሬት ያያል። መርገጫው ወደ ሰማይ ካየ የኋላ እግሮች ናቸው ማለት ነው፤ ጥጃው በኋላው እየመጣ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን እግሩን ወደ ላይ ይዳስሱ። ከኮቴው በላይ ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት እግር ነው፤ ተቃራኒ ከሆኑ የኋላ እግር ነው። በኋላው የሚመጣ ጥጃ ጭንቅላቱ ሳይወጣ እትብቱ ስለሚጨመቅ በፍጥነት ይታፈናል። ስለዚህ የኋላ እግር እንዳዩ ሰዓት ሳይጠብቁ ባለሙያ ይጥሩ።

የታጠፈ እግር ወይም ወደ ኋላ የዞረ ጭንቅላት ካለ ፈጽሞ አይጎትቱ። ጥጃው የሚወጣው በጉልበት ሳይሆን አቀማመጡ ሲስተካከል ነው፤ ማስተካከሉ የባለሙያ ሥራ ነው።

4. መሳብ ካስፈለገ

ሁለቱ የፊት እግሮችና አፍንጫው በትክክል ከታዩና ላሟ ከደከመች ብቻ እንደሚከተለው ይርዱ።

በመጀመሪያ እጅዎን እስከ ክርን፣ የላሟንም ብልት ዙሪያ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ጥፍርዎን ይቁረጡ፣ ቀለበት ያውልቁ፣ ጓንት ካለ ያድርጉ። ንጹህ ገመድ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በሁለቱም እግሮች ለየብቻ ይሰሩ። ላሟ ስታምጥ ብቻ ይሳቡ፤ ስታርፍ እርስዎም ይረፉ። ሁለቱን እግሮች በአንድ ጊዜ ሳይሆን እያፈራረቁ ይሳቡ፤ ትከሻው በዳሌዋ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ወደ ታች፣ ወደ ላሟ ኮቴ አቅጣጫ ይሳቡ። የሚስበው ከሁለት ሰው አይብለጥ። በበሬ ወይም በተሽከርካሪ መጎተት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለ ያቁሙ።

5. ከወሊድ በኋላ ለጥጃው

አፍና አፍንጫውን ወዲያው ያጽዱ። ካልተነፈሰ በንጹህ የሣር ጭራሮ አፍንጫውን ይኮርኩሩ፣ ደረቱን በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይሹ። እትብቱን በአዮዲን ይንከሩ። እንገር በተወለደ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ጥጃው በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ ሰዓታት ባለፉ ቁጥር አንጀቱ ይህን የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ግማሽ ቀን ወደ 3 ሊትር ያስፈልገዋል። እንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ብለው ጥጃውን ከመጥባት አይከልክሉ፤ መጥባቱ ራሱ ማህፀኗ እንዲኮማተር ይረዳል።

6. ከወሊድ በኋላ ለላሟ

እንግዴ ልጅ ሲቀር፦ 12 ሰዓት ካለፈ ለባለሙያ ያሳውቁ፤ 24 ሰዓት አያሳልፉ። በእጅ አይጎትቱት፣ ድንጋይም አይሰሩበት፤ ማህፀኑ ይቀደዳል ወይም ይመርዛል። የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) ወደ ሰው ስለሚተላለፍ እንግዴ ልጁን፣ ፈሳሹንና የተጨናገፈ ጽንስን በባዶ እጅ አይንኩ። ለውሻም አይስጡ፤ በጥልቀት ይቅበሩ።

ማህፀን ሲወጣ፦ ላሟን እንዳትንቀሳቀስ ያድርጉ፣ ማህፀኑን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑና ከመሬት ከፍ አድርገው ይያዙ። ባለሙያ እስኪመጣ ለመመለስ አይሞክሩ።

የወተት ትኩሳት፦ ብዙ ወተት የምትሰጥ ዲቃላ ላም በወለደች በ3 ቀን ውስጥ ወድቃ መነሳት ካቃታት፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘና አንገቷን ወደ ጎኗ ከመለሰች በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዷል ማለት ነው። ስሙ ትኩሳት ይባል እንጂ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ባለሙያ በጊዜ ካልሲየም ከሰጣት ትነሳለች። በደረቷ አስቀምጠው ይደግፏት፤ በአፏ ምንም አይጋቷት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

7. ችግሩን አስቀድሞ መከላከል

የወሊድ ችግር የሚጀምረው በማዳቀል ቀን ነው። የሆልስታይን ጥጃ ሲወለድ ወደ 40 ኪሎ፣ የጀርሲ ጥጃ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። ትንሽ የአካባቢ ጊደር በሆልስታይን አባለዘር ስትዳቀል ጥጃው ለዳሌዋ ሊበልጥባት ይችላል። ለመጀመሪያ ወሊድ የጀርሲ አባለዘር ይኖር እንደሆነ አዳቃይ ቴክኒሽያኑን ይጠይቁ።

ጊደር የምትዳቀለው ስላየነው ኮርማ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በክብደቷም ነው። ካደገች በኋላ ከምትመዝነው ከ60 እስከ 65 በመቶ ሲሞላላት ትዳቀል። 400 ኪሎ የምትደርስ ዲቃላ ቢያንስ 240 ኪሎ ትሁን። ጥጃው በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። ሆኖም ጥጃው እንዲያንስ ብለው ላሟን አያስርቧት፤ የምታምጥበት አቅም ታጣለች። ከልክ በላይ መወፈርም ምጥን ያከብዳል።

ማጠቃለያ

መውለጃዋ ሳይደርስ እነዚህን ያዘጋጁ፦ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለው ንጹህ ቦታ፣ ሁለት ንጹህ ገመድ፣ ሳሙና፣ ባልዲ፣ አዮዲን፣ የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም የባለሙያው ስልክ ቁጥር በቤቱ ግድግዳ ላይ የተጻፈ። ሌሊት ተራ ገብተው የሚጠብቁ የቤተሰብ አባላትም የ2 ሰዓቱን ገደብ ይወቁ። ይህን ለጎረቤትዎም ያስተምሩ፤ ላም ስታምጥ መጀመሪያ የሚጠራው ጎረቤት ነውና፣ የመጣው ሰው ገመድ ከማንሳቱ በፊት ሰዓት መጠየቅን ይልመድ።