የተጠረዘው ዕቅድ፦ ስለ ስትራቴጂክ ዕቅድና ስለ ለውጥ ተረቱና እውነታው

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ዝግጅትና ክትትል ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሐምሌ የዕቅድ ወር ነበር። የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ በኃላፊው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የሚወርደው የሱፐርቪዥን ቡድን ሲመጣ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችንና በበጎ አድራጎት ድርጅቶቻችን ስለ ዕቅድና ስለ ለውጥ ሲነገሩ የምንሰማቸው፣ እኔም ለዓመታት አምኜ የደገምኳቸው አባባሎች አሉ። ጉዳታቸው መጨረሻ ላይ ባለጉዳዩ ዘንድ ስለሚደርስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ተረት፦ ስትራቴጂክ ዕቅድ ማለት ሰነዱ ነው።

ሰነዱን ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ ጠንካራና ደካማ ጎን፣ መልካም አጋጣሚና ሥጋት፤ ያለፈውን ፋይል ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። የሌላ ወረዳ ስም ሳይታረም የቀረበት ዕቅድ በእጄ ገብቶ ያውቃል። 60 ዝርዝር ተግባር ይደረደራል፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል፣ ሰኔ ላይ አፈጻጸሙ 96 በመቶ ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ቦኖው የደረቀባት እናት ግን ዘንድሮም ጀሪካን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች።

እውነታው ዕቅድን ስልታዊ የሚያደርገው ምርጫ መሆኑ ነው። ያለን ገንዘብና ሰው ለሁሉም እንደማይበቃ አምነን የቱን እናስቀድም፣ የቱን እንተው ብለን መወሰን አለብን። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የሚያህል የሀገር ውስጥ ምሳሌ አላውቅም። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው ሕዝብ ገጠር ይኖር ነበር፤ ሐኪም ጥቂት፣ ሆስፒታል ሩቅ ነበር። ሕፃናትን ይፈጅ የነበረው በሽታ ግን አብዛኛው መከላከል የሚቻል ነበር። ስለዚህ በየቀበሌው ለ5,000 ሰው ያህል የሚሆን ጤና ኬላ ተሠርቶ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡበት ተወሰነ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑና ደመወዛቸው ከመንግሥት የሚከፈል ሴቶች ነበሩ። ከ30,000 በላይ የሚሆኑት ተሰማሩ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወርዷል። ውጤቱን ሁሉ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም፤ ክትባቱም፣ ትምህርቱም፣ መንገዱም ድርሻ አላቸው። ቤት ለቤት የዞሩት ግን እነሱ ናቸው፤ እንዲዞሩ ያደረጋቸውም አንድ ግልጽ ምርጫ ነው።

ተረት፦ የጸደቀ ዕቅድ አይነካም።

እዚያው ታሪክ ላይ ልቆይ። መጀመሪያ ላይ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዋና ተግባር መከላከል ነበር። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲመጣላት አንቲባዮቲክ የመስጠት ፈቃድ ስላልነበራት ወደ ጤና ጣቢያ ትልከው ነበር። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነባት እናት «ሪፈር» ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ፖሊሲው ተቀይሮ ሠራተኛዋ ሠልጥና እዚያው ኬላዋ ውስጥ እንድታክም ተፈቀደ። ዕቅዱ የተለወጠው ከመሬት የመጣውን መረጃ ስለሰማ ነው። በየሩብ ዓመቱ ግምገማ የምንሰማው «ለምን አልተሠራም?» የሚለውን ብቻ ነው። «አሁንም መሠራት አለበት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ኃላፊ በሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም አልረሳቸውም።

ተረት፦ ለውጥ ማለት አዲስ የለውጥ መሣሪያ ማስገባት ነው።

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ ውጤት ተኮር ሥርዓት) ተከተለ፣ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት፣ ካይዘን፣ የዜጎች ቻርተርም መጡ። መሣሪያዎቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። የሥራ አመራር ጸሐፊው ማይክል ሃመር እ.ኤ.አ. በ1990 የቢፒአርን ሐሳብ ሲጽፍ ያለው፣ አሮጌውን አሠራር በኮምፒውተር ከማፋጠን በፊት አሠራሩ ራሱ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ ነው። ሌሎቹ የሥራ አመራር ጸሐፊዎች ካፕላንና ኖርተንም እ.ኤ.አ. በ1992 ቢኤስሲን ያቀረቡት የኩባንያ መሪዎች ገንዘቡን ብቻ እያዩ ደንበኛውንና ሠራተኛውን እንዳይረሱ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚሞላ ቅጽ ሆነው ቀሩ።

አንድ ጊዜ የአንዲት ባለጉዳይ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ከገባበት መልስ እስከወጣለት ድረስ ተከታተልኩ። ቁጥር ተሰጠው፣ ለኃላፊው ቀረበ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አደረ። ከዚያ ኅዳጉ ላይ ተጽፎበት ለሥራ ሂደቱ ተመራ፤ የሥራ ሂደቱ አስተባባሪም «አጣርተህ አቅርብ» ብሎ ለባለሙያ መራው። ባለሙያው በ40 ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰው። ደብዳቤው ግን በመጣበት መንገድ ተመልሶ ፊርማና ማኅተም እስኪያገኝ በድምሩ 11 ቀን ወሰደ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቻርተር ለዚሁ አገልግሎት አንድ ቀን ይላል። ሥልጠና ይህን አይፈታውም፤ የሚፈታው መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ በቀጥታ ለባለሙያው እንድትመራ ሥልጣን መስጠት ነው። እሷም ታውቀዋለች። «እኔ እኮ ገና ስከፍተው የማን ጠረጴዛ እንደሆነ አውቃለሁ» አለችኝ። ለለውጥ ጥናቱ ግን ማንም አላነጋገራትም።

ተረት፦ ሠራተኛው ለውጥ ይጠላል።

«አመለካከቱ አልተቀየረም» የሚለው አነጋገር ስንት ሰው እንዳሸማቀቀ አይቻለሁ። በቢፒአር ጊዜ በአዲሱ መዋቅር ቦታ ያላገኘ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባል ነበር። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጆች የሚያስተምር ሰው ድልድሉ እስኪለጠፍ እንቅልፍ ቢያጣ የጠላው ለውጥን አይደለም፤ መንሳፈፍን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመ ጥናት አለ። ኮክና ፍሬንች የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሃርዉድ በተባለ የፒጃማ ፋብሪካ ሥራቸው የተቀየረ ልብስ ሰፊዎችን አጠኑ። ለውጡ በትእዛዝ የተነገራቸው ሠራተኞች ምርታቸው ወርዶ በዚያው ቀረ፤ በ40 ቀን ውስጥ 17 በመቶዎቹ ሥራ ለቀቁ። አዲሱን አሠራር አብረው የነደፉት ግን ቶሎ አገግመው ከቀድሞው በላይ አመረቱ፤ ከእነሱ ማንም አልለቀቀም። እኔን የነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከመጀመሪያው ቡድን የቀሩት ሠራተኞች ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ በንድፉ እንዲሳተፉ ተደረገ፤ ያኔ እነሱም እንደ ሌሎቹ ምርታቸው ከፍ አለ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የተያዙበት መንገድ ነው።

ተረት፦ 70 በመቶው ለውጥ ይከሽፋል።

ይህን ቁጥር ያላሳየኝ አሠልጣኝ የለም ማለት እችላለሁ። ምንጩ ሃመርና ባልደረባው ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሰፈሩት ግምት ነው። ያውም ስለ ቢፒአር ብቻ፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ በሚል፤ ሳይንሳዊ እንዳልሆነም ራሳቸው ተናግረዋል። ማርክ ሂዩዝ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥሩን ተከታትሎ የሚያጸና ማስረጃ አላገኘም። እባካችሁ ከስላይዳችሁ አውጡት፤ ሠራተኛው ሥራውን ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል።

ተረት፦ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕቅድ ፕሮፖዛሉ ነው።

ፕሮፖዛል ለጋሹ የሚገዛውን ይናገራል፤ ዕቅድ ደግሞ ድርጅቱ ለምን እንደቆመ። ልዩነቱ የሚታየው መከራ ሲመጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ የሀገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲከለከል፣ ብዙዎች ዓላማቸውን ወደ ልማት ለወጡ፤ የቀሩትም ቢሯቸውንና ሠራተኛቸውን ቀነሱ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ፤ በየከተማው ስንት ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት በሩን ዘጋ።

«በአንድ ለጋሽ ላይ ጥገኛ መሆን» የሚለው ሐረግ በነዚህ ድርጅቶች ዕቅድ ውስጥ፣ «ሥጋት» በሚለው ሳጥን ለዓመታት ተጽፎ አንብቤዋለሁ። ከሥጋቱ ቀጥሎ ግን ውሳኔ አልነበረም። የትኛው ሥራ ያለ ለጋሽ ይቀጥላል? የመጠባበቂያ ገንዘብ ስንት ወር ያቆየናል? ሕጉ በሩን ከፍቷል፦ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሕጋዊ ሥራ ተሰማርተው ትርፉን ለዓላማቸው እንዲያውሉ ይፈቅዳል። የማውቀው አንድ አነስተኛ የሕፃናት ድርጅት ከመንገድ ዳር ያለውን ግቢውን ለሱቅ አከራይቶ ነበር። እርዳታው ሲቆም የሁለት ተንከባካቢዎችን ደመወዝ የከፈለው ያ ኪራይ ነው፤ ድርጅቱ የሚንከባከባቸው 14 ልጆችም ምሳቸውን አሁንም እዚያው ይበላሉ።