ቁልፍ ሳይሰብር የሚገባው ሌባ
የኮምፒዩተር ደኅንነት ምርምርና ለልጆቻችን የከፈተው በር



ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወደምናስተምርበት ቦታ መጡ። በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ እየነገዱ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ፣ ለትምህርት ሲባል እጃቸው የማያጥር ሰው ናቸው። ልጃቸው በልጅነቷ ከእኛ ዘንድ ቁርኣንና ነሕው ቀርታለች፤ አሁን በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

«ኡስታዝ» አሉን አባትየው፤ «ልጅቱ የኮምፒዩተር ደኅንነት ካላጠናሁ አለች። እኔ ይህን ነገር የምሰማው የሰው ገንዘብ ከስልክ ላይ ተሰረቀ ሲባል ነው። በዚያ ላይ አንድ ደላላ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አስጨርስላታለሁ ብሎ ብዙ ብር ጠይቆኛል። ለመሆኑ ትምህርቱ የሌባ ነው የዘበኛ? ብሩንስ ልክፈል ወይስ ልተው?»

ጥያቄዎቹ የእኚህ አባት ብቻ አይደሉም። በየቤቱ እየተነሡ ነው። ስለዚህ መልሳችንን ለእርሳቸው ብቻ ከምንነግራቸው ለሁላችሁም ብንጽፈው ይሻላል ብለናል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሌባ ወይስ የዘበኛ?

ብዙዎቻችን «ሀከር» የሚለውን ቃል ስንሰማ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሒሳብ የሚዘርፍ ወጣት ይታየናል። የደኅንነት ተመራማሪ ሥራ ግን ሌላ ነው። አንድ ሥርዓት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ ከቀረበም በኋላ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በየት በኩል ሊደፈር እንደሚችል ይመረምራል። ያገኘውን ጉድለት ለባለቤቱ ያሳውቃል። መፍትሔውንም በጽሑፍ አውጥቶ ሌሎች ምሁራን እንዲፈትሹት ያቀርባል። ሳያስፈቅዱ በሰው ኮምፒዩተር መግባት በአገራችንም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ሌባውና ዘበኛው የሚያውቁት ነገር ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያዩት በአማናቸው ነው።

ጉዳዩ ከእኛ ቤትም የራቀ አይደለም። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን በስልክ ይሄዳል፣ በስልክ ይመጣል። በፋይዳ መታወቂያ ስማችንና አሻራችን በኮምፒዩተር ተመዝግቧል። በእያንዳንዱ ልውውጥ ጀርባ አንድ ጥያቄ አለ፦ አሁን የማነጋግረው በእርግጥ ያ ሰው ነውን? አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለዚህ ዘመንም ሳይሠራ አይቀርም።

አሥራ ሰባት ዓመት የተደበቀ ቀዳዳ

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ኮምፒዩተሮች አስቀድመው የተወሰነ ቅደም ተከተል ያለው የመልእክት ልውውጥ ያደርጋሉ፤ ይህም ፕሮቶኮል ይባላል። በ1978 ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ እንዲህ ያለ ፕሮቶኮል አሳተሙ። አጭርና ግልጽ ስለነበር በዘርፉ የታወቀ ሆነ።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። እያንዳንዱ ሰው ክፍት ቁልፎችን ለሁሉም ያድላል እንበል። ቁልፉን ሳጥን ላይ ማንም ሊዘጋው ይችላል፤ ሊከፍተው የሚችለው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። «ሀ» ከ«ለ» ጋር መነጋገር ሲፈልግ ስሙንና አንድ የምስጢር ቁጥር በ«ለ» ቁልፍ ቆልፎ ይልካል። «ለ» ከፍቶ የ«ሀ»ን ቁጥርና የራሱን ቁጥር በ«ሀ» ቁልፍ ቆልፎ ይመልሳል። «ሀ» ደግሞ የ«ለ»ን ቁጥር በ«ለ» ቁልፍ ቆልፎ መልሶ ይልካል። ሳጥኑን ሊከፍት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ተማመኑ ማለት ነው።

አሁን «መ» የተባለ አታላይ ይምጣ። «ሀ» ምንም ሳይጠረጥር ከ«መ» ጋር ንግግር ይጀምራል። «መ» ሳጥኑን ይከፍትና ያንኑ ይዘት በ«ለ» ቁልፍ ቆልፎ «እኔ ሀ ነኝ» በሚል ለ«ለ» ይልካል። «ለ» አምኖ መልሱን በ«ሀ» ቁልፍ ይቆልፋል። «መ» ይህን ሳጥን መክፈት አይችልም፤ ነገር ግን መክፈት አያስፈልገውም። እንዳለ ለ«ሀ» ያሳልፈዋል። «ሀ» የራሱን ቁጥር ሲያይ መልሱ ከ«መ» የመጣ ይመስለውና ሁለተኛውን ቁጥር በ«መ» ቁልፍ ቆልፎ ይልክለታል። «መ» የፈለገው ይህንኑ ነበር። ቁጥሩን ለ«ለ» አስረከበ፤ «ለ»ም ከ«ሀ» ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብሎ አረፈ። አንድም ቁልፍ አልተሰበረም!

ይህን ጥቃት ጋቪን ሎው የተባለ ተመራማሪ በ1995 ይፋ አደረገ። ፕሮቶኮሉ ከታተመ 17 ዓመት አልፎት ነበር። በተከታዩ ዓመትም ኤፍ.ዲ.አር. በተባለ የማረጋገጫ ፕሮግራም ጥቃቱ እንዴት እንደሚገኝ፣ ከተስተካከለም በኋላ እንደሚዘጋ አሳየ። ማስተካከያው ደግሞ አንድ ስም መጨመር ብቻ ነበር። «ለ» በመልሱ ውስጥ የራሱን ስም ቢጽፍ ኖሮ፣ «ሀ» «መ»ን ሲጠብቅ የ«ለ»ን ስም ያገኝና ነገሩ ይነቃል።

ሞዴል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሎው የተጠቀመበት ዘዴ ፎርማል ሞዴሊንግ ይባላል። አንድን ሥርዓት ከነተዋንያኑና ከነሕጎቹ በሒሳብና በሎጂክ ቋንቋ አጥርቶ መጻፍ ማለት ነው። አጥቂውም በሞዴሉ ውስጥ ይጻፋል። ዶሌቭና ያኦ የተባሉት ሊቃውንት በ1983 ባሳተሙት ሞዴል አጥቂው መንገዱን ሁሉ ተቆጣጥሮ መልእክት ያነብባል፣ ያግዳል፣ ይቀይራል፣ አዲስ ይልካል፤ ያለ መክፈቻው የተቆለፈውን መክፈት ብቻ አይችልም። ከዚያ ኮምፒዩተሩ «ይህ አጥቂ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ግቡን ይመታልን?» ብሎ ይፈልጋል። ሰው ሊያስባቸው የሚሰለቹትን መንገዶች እርሱ ሳይሰለች ይፈትሻል።

ዛሬ በዚህ ዘዴ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራሉ። በኢንተርኔት ስንገበያይ የሚጠብቀን ቲ.ኤል.ኤስ. የተባለው ፕሮቶኮል 1.3ኛ እትሙ በ2018 ከመውጣቱ በፊት በተመራማሪዎች ሞዴል ተሠርቶለት ተፈትሿል። በዚያው ዓመት የአምስተኛው ትውልድ ሞባይል ስልክ ማንነት የሚያረጋግጥበት ፕሮቶኮል ተመርምሮ፣ አንዳንድ የደኅንነት ግቦቹ በሰነዱ ላይ በሚገባ እንዳልተገለጹ ታይቷል። በ2009 ደግሞ በአውስትራሊያ «ኤስ.ኢ.ኤል.ፎር» የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ከታቀደለት ውጭ እንደማይሠራ በሒሳብ ተረጋገጠ። ፕሮግራሙ 8,700 ገደማ መስመር ሲሆን ማረጋገጫው 200,000 ያህል መስመር ፈጅቷል።

ነገር ግን ማረጋገጫ አለኝ ብሎ መመካት አይገባም። የዋይፋይ ግንኙነት የሚጀመርበት ፕሮቶኮል ቀደም ሲል በሒሳብ ተረጋግጦለት ነበር። ሆኖም በ2017 ማቲ ቫንሁፍ የተባለው የቤልጅግ ተመራማሪ በዚያው ፕሮቶኮል ላይ ጥቃት አሳየ። ማረጋገጫው ስሕተት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ የገባ ቁልፍ እንደገና እንዲገባ ሲደረግ ምን ይከተላል የሚለውን ሞዴሉ ስላልጠየቀ ነው። ያልተጠየቀ ጥያቄ አይመለስም። ለዚህ ነው ምርምሩ የማያልቀው፣ አዲስ ተማሪም ዘወትር የሚፈለገው።

ለደረሳ ባዕድ ያልሆነ ዕውቀት

ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ «የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው እንዳይርቁት አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አል-ኪንዲ የተሰወሩ ጽሑፎችን ስለ መፍታት መጽሐፍ ጽፏል። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የትኛው ፊደል ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ፣ በተሰወረው ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ጋር በማነጻጸር ምስጢሩን የሚገልጠው ዘዴ ከእርሱ በፊት ተጽፎ አልተገኘም። በእጅ የተጻፈው መጽሐፍ በኢስታንቡል ተገኝቶ በ1987 በደማስቆ ታትሟል። «አልጎሪዝም» የሚለውም ቃል የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው።

ነሕው የቀራ ደረሳ ደግሞ ቃሉ ለምን ረፍዕ ወይም ነስብ እንደሆነ ያለ ሕግ አይናገርም፤ እያንዳንዱን ፍርድ ከምክንያቱ ጋር ያቀርባል። መንጢቅ የቀራ መደምደሚያ ከየትኛው መነሻ እንደሚወጣ ያውቃል። ፎርማል ሞዴሊንግ ከእነዚህ ጋር አንድ ነው አንልም። ነገር ግን በደንብ የቀራ ልጅ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገውን ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይዞ እንደሚመጣ በማስተማር ዘመናችን አይተናል።

የትምህርቱ በሮች

አሁን ወደ ደላላው ጥያቄ እንምጣ። በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዚህ ዘርፍ የዶክትሬት ትምህርት በብዙ አገሮች ገንዘብ የሚከፈልበት ሳይሆን ደመወዝ የሚገኝበት መሆኑ ነው። በስዊዘርላንድ፣ በኔዘርላንድና በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ይመራመራል፤ በጀርመን የምርምር ማዕከላትም ይህ የተለመደ ነው። በፈረንሳይም የዶክትሬት ውል አለ። በአሜሪካ ጎበዝ ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪው በቀጥታ ወደ ዶክትሬት ሊገባ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም በረዳት ተመራማሪነት ወይም በረዳት መምህርነት የትምህርቱ ወጪና የወር አበል ይሸፈንለታል።

በፎርማል ሞዴሊንግ ስማቸው ከሚጠራ ቦታዎች መካከል ፕሮቬሪፍ የተባለው መሣሪያ የተሠራበት የፈረንሳዩ ኢንሪያ፣ ታማሪን የተባለው የተጀመረበት የዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች.፣ በጀርመን በዛርብሩከን የሚገኘው ሲስፓ፣ በቦኹም ከተማ ያለው የማክስ ፕላንክ የደኅንነት ተቋም፣ በእንግሊዝም ኦክስፎርድ ይገኛሉ። ከቤተሰብ ብዙ መራቅ ለሚከብዳቸው ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ በ2009 የተከፈተው ካውስት አለ። ወንድና ሴት ይማሩበታል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዶክትሬት ተማሪዎቹም የትምህርት ወጪና የወር አበል ይሰጣል።

ለማስተርስ የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባል የትምህርት ዕድል አለው። ያሸነፈ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ በአሁኑ ወቅት በወር 1,400 ዩሮ ይሰጠዋል። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ይሁን እንጂ የትምህርት ድጋፍ ያላገኘ ተማሪ ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማሳየት ስለሚኖርበት ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ልብ በሉ! ማመልከቻዎቹ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የሚላኩ ናቸው። መግቢያን የሚወስኑት የመምህራን ኮሚቴዎችና ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ደላላ ምንም ቢከፈለው እነርሱን አያዝዝም። የእንግሊዝኛ ፈተናና አንዳንድ ቦታ የማመልከቻ ክፍያ እውነተኛ ወጪዎች ናቸው። «ቦታ አስይዣለሁ» እየተባለ የሚጠየቀው ብር ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለም።

ከወዲሁ ምን ይደረግ?

ለወጣቶች የምንመክረው ይህ ነው። አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጡትን የሎጂክ፣ የዲስክሪት ሒሳብና የአልጎሪዝም ትምህርቶች ለማለፍ ብቻ አትማሯቸው፤ የዚህ ዘርፍ መሠረት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ፕሮቬሪፍና ታማሪን በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የሌስሊ ላምፖርት ቲ.ኤል.ኤ. ፕላስም ከማስተማሪያ መጽሐፉ ጋር እንዲሁ። ውድ ኮምፒዩተር ለጀማሪ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ዩዝኒክስ በተባለው ማኅበር ጉባኤ የሚቀርቡ የደኅንነት ጥናቶች ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው። አንዱን መርጣችሁ እስኪገባችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ፤ ሙከራውንም ራሳችሁ ሥሩት። ለፕሮፌሰር ስትጽፉ «የትምህርት ዕድል ይስጡኝ» ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይልቅ «ጥናትዎን አንብቤ ይህን ሠራሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልገባኝም» የሚል አጭር ደብዳቤ ይነበባል። አራተኛ፣ መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉላችሁ የሚችሉት ሥራችሁን ካዩ ነውና የመመረቂያ ጥናታችሁን በዚህ ዙሪያ አድርጉት።

ወላጆችም ሆይ! ልጃችሁ ለሰዓታት ኮምፒዩተር ላይ ስትቀመጥ «ምን ትሠሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። በቀላል አማርኛ ካስረዳቻችሁ ዕውቀቱ ገብቷታል ማለት ነው።

እኚያ አባት ይህን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡን በኋላ ልጃቸውን ጠርተው አጠገባችን አስቀመጧት። እርሷም የ«ሀ»ን፣ የ«ለ»ንና የ«መ»ን ነገር በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻቸው። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ነጋዴም ደረሰኝ ላይ ስሙን የሚጽፈው ለዚሁ አይደል እንዴ!» አሉ። በሳምንቱ ለደላላው ሊሰጡ ካሰቡት ብር ከፍለው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙላት። የቀረውንም ለእንግሊዝኛው ፈተና አስቀምጠውላታል።