ትራማዶል አንዱን ሳያስታግስ ሌላውን የሚያደነዝዘው ለምንድን ነው?

በካፋ ዞን ጤና ጣቢያዎችም ሆነ በቦንጋ ሆስፒታል የቆየ የወገብ፣ የመገጣጠሚያ ወይም የነርቭ ሕመም ይዞት የሚመጣ ታካሚ ለሁላችንም እንግዳ አይደለም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አልበቃ ሲሉ ትራማዶል ይታዘዛል። አንዱ «ውኃ የጠጣሁ ያህል ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ሌላው በዚያው መጠን ያቅለሸልሸዋል፣ ይደነዝዛል። የመጀመሪያውን በሱሰኝነት፣ ሁለተኛውን በማጋነን መጠርጠር ይቀናናል። ሁለቱም ግን እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ትራማዶልም በራሱ ጥቂት ሥራ ቢኖረውም፣ የኦፒዮይድ ኃይሉን የሚያገኘው ወደ ሌላ ውሁድ ከተለወጠ በኋላ ነው። ሁለቱንም የሚለውጠው ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም ዘረ-መል በአንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሠራም፤ በአንዳንዱ ይዘገያል፤ በሌላው ደግሞ በተደጋገሙ ቅጂዎች ስለሚገኝ ለውጡ እጅግ ይፈጥናል።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተደጋገመ ዘረ-መል ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይንን ያገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም እንደሚለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጡ ወስኗል፤ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው አስጠንቅቋል። ኢንዛይሙ በሚፈጥንባት እናት ውስጥ የሚመረተው ውሁድ በወተቷ አልፎ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላልና።

ያ 29 በመቶ ግን በቀጥታ በካፋ ሕዝብ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች እያንዳንዱን ብሔረሰብ እንዲወክሉ የተመረጡ አልነበሩም። ከዘረ-መል ውጭ ያለውም ቀላል አይደለም። ጫት መቃም ይህን ኢንዛይም እንደሚገታ በኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ፍሉኦክሰቲንም ይገታዋል፤ ከትራማዶል ጋር ሲታዘዝ ማስታገሻውን ከማዳከሙ በላይ የሴሮቶኒን መመረዝ ያስከትላል ተብሎ ይፈራል። ቡና ግን፣ ለካፋ ሰው ደስ እንዲለው ልጨምርና፣ በዚህ ነገር የለበትም፤ ካፌይንን የሚያፈርሰው ሌላ ኢንዛይም ነው።

አሚትሪፕቲሊን ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ መድኃኒት ሲዋጥም የሚሠራ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚያደርገው ማስወገድ ነው። ስለዚህ ትራማዶል የበረታበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ሊያንሰው፣ ትራማዶል ያልሠራለት ደግሞ በጥቂት አሚትሪፕቲሊን አፉ ሊደርቅና ሊያንቀላፋ ይችላል። «መድኃኒት አይበረታብኝም» የሚል ታካሚ የትኛውን መድኃኒት ማለቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

የዘረ-መል ምርመራ በዞን ሆስፒታል አይሠራም፤ ጥያቄ ግን ይሠራል። «ተሻለህ ወይ?» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ በተለይ ከካፍኛ በአስተርጓሚ ሲጠየቅ መልሱ አክብሮት ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ፍሬ ከተዋጠ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ምን እንደ ተሰማው፣ እንቅልፍ ጥሎት እንደ ሆነ፣ ሕመሙ ለስንት ሰዓት እንደ ተወው፣ ጫት ይቅም እንደ ሆነ ይጠየቅ። በመጀመሪያው መጠን የደነዘዘ ሰው ትራማዶል ይቁምለት። በተገቢው መጠን ምንም ያልተሰማውን መጠኑን ደጋግሞ ከመጨመር ይልቅ የመድኃኒቱን ዓይነት መለወጥ ይሻላል፤ ለከባድ ሕመም ሞርፊን ኃይሉን ለማግኘት ይህን ኢንዛይም አይጠብቅም። መልሱም በታካሚው ካርድ ላይ እንደ አለርጂ ጎልቶ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለወሊድ ስትመጣ የሚቀበላት ሌላ ባለሙያ ነውና።