ትንሿ ማግነም ለገዢዋ ምን ያህል ታዋጣለች?

በዋሽንግተን ከተማና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሱቅ፣ የመጠጥ መደብር ወይም ምግብ ቤት ከፍተው ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መካከል የዕለቱን ሽያጭ ቆጥረው በውድቅት ሌሊት በር የሚዘጉ ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ለራሱ መጠበቂያ ይሆነኛል ብሎ ወደ መሣሪያ መደብር ጎራ ቢል፣ ከባንኮኒው ላይ ከሚዘረጉለት መካከል አምስት ጥይት የምትጎርሰውና ከኪስ የምትገባው 357 ማግነም ሪቮልቨር መኖሯ አይቀርም። ሻጩ ትንሽ ነች፣ ኃይለኛ ነች ይለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ግን ትንሽነትና ኃይለኛነት በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ምን ያስከፍላሉ የሚለውን ነው።

አንድ ሽጉጥ፣ ሁለት ጥይት

357 ማግነም በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተሠራለት ሽጉጥ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በወገብ የሚታጠቁት ነበር። ጥይቱ ከእርሱ በፊት ከነበረው 38 ስፔሻል የመጣ ነው። የሁለቱም እርሳስ ውፍረት አንድ ዓይነት፣ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚለያቸው የቀለሁ ርዝመትና በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ነው፤ የ38ቱ ቀለህ 29 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የማግነሙ ደግሞ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህም ምክንያት የማግነም ሽጉጥ አጭሩን 38 ስፔሻልም ይተኩሳል። የ38 ሽጉጥ ግን ማግነም ሊተኩስ አይችልም፤ ይሞከር ቢባልም አደገኛ ነው።

ይህን ጥይት ከኪስ በሚገባ መሣሪያ ላይ የማዋሉ ፉክክር የበረታው ዘግይቶ ነው። ሩገር ኩባንያ ኤስፒ 101 የተባለችውን ጠንካራ የብረት ሪቮልቨር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ አዋለ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1990ዎቹ ትንንሾቹን ባለ አምስት ጥይቶች ለማግነም አዘጋጀ፤ ከ2000 በኋላም ስካንዲየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየምና ቲታኒየም በመጠቀም እጅግ ቀላል የሆኑትን አወጣ። ሩገር ኤልሲአር የተባለችውን በ2009 አስተዋውቆ በዓመቱ ማግነም የምትተኩሰውን ጨመረ። ኪምበር ደግሞ በ2016 ስድስት ጥይት የምትጎርሰውን ኬ6ኤስ ይዞ ብቅ አለ።

ክብደቷ ሲቀንስ ርግጫዋ ይጨምራል

በአጭር አፈሙዝ የሚሠራው የኤስፒ 101 ዓይነት ባዶውን 740 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኬ6ኤስ 650፣ ኤልሲአር ማግነም 485 ግራም ያህል ናቸው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 340ፒዲ ግን ከ340 ግራም አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ በኪሱ ይዞ ለሚውል ሰው የመጨረሻው ቁጥር ያጓጓል።

ይሁን እንጂ ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚራገጥበት ጉልበት በክብደቱ ተቃራኒ የሚሄድ ነው። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ የመሣሪያው ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በኤስፒ 101 የሚተኮሰው ማግነም በ340ፒዲ ሲተኮስ ከእጥፍ በላይ ይረግጣል ማለት ነው። መዳፍ ያማል፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሁለተኛውን ጥይት ወደ ዒላማው ለመመለስ ጊዜ ይፈጃል። በዚህ ላይ የምላጩ ክብደት አለ። መምቻው አስቀድሞ ሳይነሣ ሲተኮስ ምላጩን ለመሳብ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም የቀላሏን መሣሪያ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። አፈሙዟም ሁለት ኢንች ያህል ብቻ በመሆኑ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቿ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ጥቂት የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን ከዒላማው ያስታል።

የአጭር አፈሙዝ ሌላው ዕዳ የኃይል ብክነት ነው። ማግነም የተዘጋጀው ረዘም ላለ አፈሙዝ በመሆኑ፣ ከሁለት ኢንቹ ሲተኮስ ባሩዱ ነዶ ሳያልቅ እርሳሱ ይወጣል። ቀሪው ባሩድ ውጭ ነዶ ትልቅ ነበልባልና ድምፅ ይሆናል። ገዢው የከፈለበት ኃይል ከፊሉ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ድምፁ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል ከሚባለው ከ140 ዴሲቤል እጅግ የሚበልጥ ሲሆን፣ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይብሳል።

በመደብር ውስጥ የማይታዩ ጉድለቶች

አንዳንዱ ችግር የሚታወቀው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው። እጅግ ቀላል በሆኑት ላይ ርግጫው ገና ያልተተኮሱትን ጥይቶች እየነቀነቀ እርሳሱን ከቀለሁ ወደ ፊት ሊጎትተው ይችላል። እርሳሱ ከቦታው ከወጣ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ መሰል ክፍል መዞር ይሳነዋል፤ መሣሪያውም በእጅ ላይ ይቆማል። ከአጭር አፈሙዝ ጋር የሚሄደው የቀለህ መግፊያ ዘንግም አጭር በመሆኑ፣ ረጅሙን የማግነም ቀለህ ጨርሶ ሳያስወጣው ሊቀር ይችላል። 38 ስፔሻል አዘውትሮ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ከአጭሩ ቀለህ አፍ ላይ የሚጠራቀመውን ጥላሸት ካላጸዳ፣ ማግነም ሲያጎርስ አልገባ፣ ሲያወጣም አልላቀቅ ይለዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ልምምድ ነው። የሚያም መሣሪያ አይለመድም። ቀላሏን ማግነም የገዛ ሰው አምስት ጥይት ተኩሶ ወደ መሳቢያ ቢመልሳት የሚያስገርም አይደለም። ያልተለማመደበት ሰው ደግሞ በጭንቅ ሰዓት የሚስተው ጥይት ከግድግዳ አልፎ ከጎረቤቱ ሱቅ ሊገባ ይችላል። ለዚያ ጥይት በሕግም በኅሊናም ተጠያቂው ተኳሹ ነው።

ሂሳቡ

በአሜሪካ የሽጉጥ ዋጋ ላይ ከአምራቹ የሚሰበሰብ 10 በመቶ፣ በጥይት ላይ ደግሞ 11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይስ ታክስ አለ፤ በመጨረሻ የሚሸከመው ገዢው ነው። ማግነም ጥይት ከ38 ስፔሻል ይወደዳል፤ ልዩነቱ በልምምድ ብዛት ይባዛል። ቲታኒየምና ስካንዲየም ያለባት ቀላሏ ሽጉጥ ደግሞ ከከባዷ የብረት ሽጉጥ ትወደዳለች። ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለመተኮስ ይበልጥ ለምታስቸግረው ነው ማለት ነው።

ስለዚህም ብዙዎች ማግነም ገዝተው የሚያጎርሱት 38 ስፔሻልን ነው። ነገሩ 40 ኩንታል የሚጭን መኪና ገዝቶ 20 ኩንታል እንደ መጫን ይመስላል። ዳሩ ግን መኪናው ጠንካራ ከሆነ ኪሳራ የለበትም፤ በከባዷ የብረት ማግነም ውስጥ ግፊቱ ከፍ የተደረገው 38 ስፔሻል ረጋ ብሎ ይተኮሳል፣ ዕቃው ብዙ ዘመን ያገለግላል፣ ጥይት በጠፋ ጊዜም ሁለት ገበያ አለው። ኪሳራው ያለው ቀላሏን ገዝቶ 38 በሚያጎርሰው ላይ ነው፤ ለ38 ብቻ የተሠራችውን ቀላል ሽጉጥ በረከሰ ዋጋ ማግኘት ይችል ነበርና።

ሕጉ የሚያስከፍለው

የፌዴራሉ ሕግ ከባለ ፈቃድ ነጋዴ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዝዛል። የገዢው የኋላ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አገር አቀፍ መዝገብ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። የክልሎቹ ሕግም ይለያያል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ገዢዎች አሻራ ሰጥተውና ሥልጠና ወስደው የብቃት ፈቃድ እንዲያወጡ ትጠይቃለች። በዋሽንግተን ከተማ በ1976 የወጣው እገዳ በ2008 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢሻርም መሣሪያ ማስመዝገብ አሁንም ግዴታ ነው።

በዘመድ አዝማድ መካከል «በስምህ ግዛልኝ» ማለት ቀላል ይመስላል። በሰኔ 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው መግዛትን እስከ 15 ዓመት እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል ፈርጆታል። ወደ አገር ቤት ይዞ ለመምጣት የሚያስብም ካለ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንና መያዝን ከልክሏል።

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። የሚቆለፍ ሣጥን ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመግዛት የወሰነ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። በተኩስ መለማመጃ ሥፍራ ሁለቱን፣ ከባዷንና ቀላሏን፣ በኪራይ ማግኘት ከቻለ ጆሮውን ሸፍኖ በእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ማግነም ይተኩስ። ሃያውን ሳይጨርስ እጁ እንቢ ያለበትን መሣሪያ ጭንቅ በመጣ ጊዜ ይታዘዝልኛል ብሎ ገንዘቡን ባያወጣበት ይሻለዋል።