የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር በሁሉም ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት ወይ?

ዛሬ አንድ ዘፈን በአንድ ስቱዲዮ ተጀምሮ እዚያው ላያልቅ ይችላል። ቅንብሩ አዲስ አበባ ይሠራል፣ ድምጹ ዋሽንግተን ይቀረጻል፣ ሚክሲንጉ ሌላ ከተማ ያልቃል። በዚህ መንገድ ላይ ሥራውን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የሙዚቃ ችግር አይደለም። አቀናባሪው ዊንዶውስ ላይ በኤፍኤል ስቱዲዮ ያዘጋጀውን ፕሮጀክት፣ ማክ ላይ በሎጂክ የሚሠራው ባልደረባው ሊከፍተው አይችልም። አቀናባሪው በተራው ሎጂክን ልጫን ቢል ለዊንዶውስ የተሠራ ሎጂክ የለም። ሁለቱም ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር እንሥራ ቢሉ ደግሞ ከሁለቱ ሶፍትዌሮች አንዱም ለሊኑክስ አልተዘጋጀም።

ስለዚህ የሙዚቃ ሶፍትዌር አምራቾች ምርታቸውን ለሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችም ማዘጋጀት አለባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የእኔ መልስ አዎ፣ አለባቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን አምራቾቹ ሊያደርጉት የሚገባ፣ ወጪው ያነሰ ሌላ ነገር አለ። እሱን ለመረዳት መጀመሪያ ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያስተዳድርና ለፕሮግራሞች ተራ የሚያድል መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስና ሊኑክስ ዋናዎቹ ናቸው። ደብዳቤ የምንጽፍበት ፕሮግራም ተራው ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይበት ማንም ልብ አይለውም። ድምጽ ግን መዘግየትን አይታገስም። በቀረጻ ጊዜ ድምጹ ለምሳሌ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ቁጥሮች በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ ያስተናግዳቸዋል። ጥቅሉ 128 ቁጥር የሚይዝ ከሆነ የአንዱ ጥቅል ዕድሜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፕሮግራሙ ትራኮቹን ሁሉ አንብቦ፣ ኢፌክቱን ሠርቶ፣ ደምሮ ማስረከብ አለበት። ካልደረሰ ድምጹ ይቆረጣል ወይም ይንጫጫል።

ጥቅሉን ወደ 1,024 ቁጥር ብናሳድገው ኮምፒውተሩ ፋታ ያገኛል፤ ነገር ግን አንዱ ጥቅል ብቻ ከ21 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ድምጹ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ድምጽ በአየር ላይ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ 3.4 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይቶ በጆሮ ማዳመጫው የራሱን ድምጽ የሚሰማ ዘፋኝ፣ ከ13 ሜትር በላይ ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር ራሱን እንደሚሰማ ሰው ነው። ምቱን ቢስት አይፈረድበትም።

ይህን ፍጥነት ለማግኘት ሦስቱ ሲስተሞች የሄዱበት መንገድ ይለያያል። ማክ ኮር ኦዲዮ የሚባል የራሱ የድምጽ ሥርዓት ከውስጡ አለው። የዊንዶውስ መደበኛ መንገድ ለቀረጻ ዘገምተኛ ስለነበር ኪውቤዝ የሚባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር ባለቤት የሆነው የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1997 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤሲዮ የሚባለውን አቋራጭ አወጣ። የሳውንድ ካርድ አምራቾችም እስከ ዛሬ ለዊንዶውስ የኤሲዮ ድራይቨር ይሠራሉ። በሊኑክስ በኩል ከታች አልሳ አለ፣ በላዩ ጃክ የሚባለው መጣ፣ አሁን ደግሞ ፓይፕዋየር ቦታውን እየያዘ ነው። አንድን የመቅረጫ ሶፍትዌር ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ማለት እንግዲህ መልኩን አስተካክሎ እንደገና ማሸግ ማለት አይደለም። የሶፍትዌሩ ልብ የሆነው የድምጽ ክፍል ከእያንዳንዱ ሲስተም ጋር እንደ አዲስ ተገናኝቶ በብዙ ዓይነት ኮምፒውተርና ሳውንድ ካርድ መፈተን አለበት።

ለዚህ ከኤፍኤል ስቱዲዮ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የቤልጂየሙ ኢሜጅ ላይን በ1997 መጨረሻ ፍሩቲሉፕስ ብሎ ሲያወጣው አራት መስመር ብቻ ያለው ትንሽ የከበሮ ማቀናበሪያ ነበር። እያደገ ሄዶ በመላው ዓለም በወጣት አቀናባሪዎች እጅ ገባ፤ ግን ከዊንዶውስ አልወጣም። የማክ ተጠቃሚዎች ለዓመታት ጠይቀዋል። እንቢታው የፍላጎት ማጣት ብቻ አልነበረም። ሶፍትዌሩ የተጻፈው ዴልፊ በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ሲሆን ዴልፊ በዚያ ዘመን የሚያገለግለው ለዊንዶውስ ብቻ ነበር። ኩባንያው በመካከሉ የዊንዶውሱን ፕሮግራም በማስመሰያ አድርጎ ማክ ላይ ለማስኬድ ሞክሯል። ያ መንገድ ግን ቀረጻ የሚጠይቀውን አስተማማኝነት አልሰጠም። በመጨረሻ ኮዱን አስተካክለው ለማክ የተሠራውን ኤፍኤል ስቱዲዮ 20 በግንቦት 2018 አወጡ። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። ሲያወጡት ግን በትክክል አደረጉት፦ ቀድሞ የገዛ ሰው ለማኩ ተጨማሪ አልከፈለም፣ በዊንዶውስ የተሠራ ፕሮጀክትም ማክ ላይ ይከፈታል። መስፋፋት እንዲህ ሲሆን ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን ቢቀይርም የዓመታት ሥራው አብሮት ይሄዳል።

ሎጂክ የሄደበት አቅጣጫ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሠራው ኢማጂክ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ሲሆን ለማክም ለዊንዶውስም ይሸጥ ነበር። አፕል በሐምሌ 2002 ኢማጂክን ሲገዛ የዊንዶውሱ ሎጂክ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ እንደሚቋረጥ አስታወቀ። አፕል ያኔ በሰጠው መግለጫ የኢማጂክ ገቢ ከ65 በመቶ በላይ ከማክ ምርቶች የሚገኝ ነበር። ያ ማለት ሲሶ የሚጠጋው ከሌላ ወገን ይመጣ ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ሁለት ምርጫ ቀረላቸው፦ ማክ መግዛት፣ ወይም የለመዱትን ትተው ከዜሮ መጀመር። አፕል ኮምፒውተር ሻጭ ነውና በንግድ ዓይን ውሳኔው ይገባል። ሎጂክን የሚፈልግ ሰው ማኩንም ይገዛል። ለሙዚቀኛው ግን ጉዳት ነበር፤ ዛሬም ነው። የአንድ ሰው የአሥር ዓመት ሥራ የሚከፈተው አንድ ኩባንያ በሚሸጠው ማሽን ላይ ብቻ ሲሆን፣ ባለሥራው በሥራው ላይ ያለው መብት ይጎድላል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ዋናው ሶፍትዌር ቢሻገር እንኳ ፕለጊኖቹ ላይሻገሩ ይችላሉ። ፕለጊን የምንላቸው ሪቨርብ፣ ኮምፕረሰር፣ የፒያኖና የስትሪንግ ድምጽ የሚሰጡት ተቀጽላ ፕሮግራሞች ናቸው። እነሱም ለየሲስተሙ ለየብቻ መሠራት አለባቸው። ስታይንበርግ በ1996 ያወጣው ቪኤስቲ የሚባለው ደንብ በሦስቱም ላይ ይሠራል፤ ሎጂክ የሚቀበለው ግን የአፕልን ኦዲዮ ዩኒት ብቻ ነው። ከተቀረጹ የመሣሪያ ድምጾች የሚጫወተው ታዋቂው ኮንታክት ለሊኑክስ አልተሠራም። ፕሮ ቱልስና ብዙ ውድ ፕለጊኖች ፈቃዳቸውን የሚያረጋግጡበት አይሎክም ሊኑክስን አይደግፍም። የዊንዶውስ ፕለጊኖችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬዱ እንደ ያብሪጅ ያሉ ድልድዮች አሉ፤ አንዳንዱ ፕለጊን በእነሱ ሲሠራ አንዳንዱ ግን እንቢ ይላል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው። ክራር፣ ማሲንቆና የሰው ድምጽ በማይክሮፎን የሚቀርጽ ሰው በፕለጊን ላይ ያለው ጥገኝነት ትንሽ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ በደንብ መሥራት ይችላል። ተጨማሪ ድራይቨር የማይፈልጉ ብዙ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶችም እዚያ እንደተሰኩ ይሠራሉ። ሙሉ ቅንብሩን በተገዙ የኦርኬስትራና የሲንተሳይዘር ድምጾች የሚገነባ ሰው ግን ሶፍትዌሩ በተሻገረ ማግስት ግማሽ ድምጹን ላያገኘው ይችላል።

አምራቾች ሊኑክስን የሚተዉበት ምክንያት ይታወቃል፦ ተጠቃሚው ጥቂት ነው። ክርክሩ እውነት አለው፤ ሆኖም በክብ ይዞራል። ሶፍትዌሩ ስለሌለ ሙዚቀኛው አይመጣም፣ ሙዚቀኛው ስላልመጣ ሶፍትዌሩ አይሠራም። ይህን ክብ የሰበሩ አሉ። ላይቭ የሚባለውን የሙዚቃ ሶፍትዌር ከሚሠራው ኤብልተን ወጥተው የራሳቸውን ኩባንያ በርሊን ያቋቋሙ ሰዎች ቢትዊግ ስቱዲዮን በ2014 ሲያወጡ ገና ከመጀመሪያው ቀን በሦስቱም ሲስተሞች ነበር። የሙዚቃ ማጫወቻው የዊናምፕ ፈጣሪ ጀስቲን ፍራንክል የሚሠራው ሪፐር ከዊንዶውስ ተነስቶ ማክንም ሊኑክስንም ደርሷል። የፕሪሶነሱ ስቱዲዮ ዋን በ2023 የሊኑክስ የሙከራ ዕትም አወጣ። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ጃክን የሠራው ፖል ዴቪስ ለሊኑክስ የጀመረው አርዶር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ወደ ማክና ወደ ዊንዶውስ ዘልቋል። ኤብልተን ራሱ ላይቭን ለሊኑክስ ባይሸጥም፣ በ2023 ያወጣውና ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው ፑሽ 3 የሚባል መሣሪያ ከውስጡ የሚሄደው በሊኑክስ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሊኑክስ ለሙዚቃ አይሆንም የሚለውን ወሬ ሊቀበል አይችልም።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ የኪስም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። በአዲስ አበባ አነስተኛ ስቱዲዮዎች ያገለገለ ላፕቶፕ የተለመደ ነው። በውጭ ምንዛሪ ሶፍትዌር መግዛትም ለብዙው ሰው ቀላል ስላልሆነ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ተስፋፍቷል። ክራክ ደግሞ ከቫይረሱ ሌላ ፕሮጀክት በተበላሸ ቀን የሚጠየቅ ባለቤት የለውም። ለግለሰብ 60 ዶላር የሚጠይቀውን ሪፐር ወይም ነጻውን አርዶር ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ማስኬድ መቻል ለአንድ ጀማሪ ሕጋዊ ስቱዲዮ የመክፈቻ በር ነው። ትልልቆቹ አምራቾች የማያዩት ገበያም ይኸው ይመስለኛል።

ይህን ስል የአምራቹን ሸክም አላቀለውም። አንዴ መሻገር በቂ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ሲስተሙ በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ አለ። አፕል በ2019 ባወጣው፣ ካታሊና በተባለው የማክኦኤስ ዕትም የቆዩትን ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ከነጭራሹ ዘጋ፤ ብዙ ፕለጊኖችም በአንድ ሌሊት አገልግሎታቸው አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ማክ ከኢንቴል ወደ አፕል የራሱ ቺፕ ሲዞር አምራቾች ሁሉ እንደገና ወደ ኮዳቸው ተመለሱ። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ኩባንያ በሦስት ሲስተም ላይ ሦስት የሚያናድዱ ዕትሞች ከሚያወጣ፣ በአንዱ ላይ የማይከዳ ሶፍትዌር ቢሠራ ይሻላል። በቀረጻ መሐል የሚዘጋ ፕሮግራም የማይደገም ድምጽ ይዞ ይጠፋልና።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን እላለሁ። ለሌላ ሲስተም መሥራት አቅምና ዓመታት ይጠይቃል፤ ፕሮጀክቱን ሌላ ሶፍትዌር እንዲያነበው አድርጎ ማውጣት ግን ከሁሉም አምራች ዛሬ ሊጠበቅ ይገባል። መንገዱም አለ። ቢትዊግና ፕሪሶነስ በ2023 ዶፕሮጀክት የሚባል ክፍት የፋይል ዓይነት አውጥተዋል፤ ትራኩን፣ የኖታውን መስመርና የድምጽ መጠኑን ይዞ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይሻገራል። ኪውቤዝም በ14ኛ ዕትሙ ተቀብሎታል። አፕልና ሌሎቹ ያልተቀበሉበት አሳማኝ ቴክኒካዊ ምክንያት አላየሁም። ሎጂክን ለዊንዶውስ አንሠራም ማለት የአፕል መብት ነው። ሙዚቀኛው ፕሮጀክቱን ይዞ እንዳይወጣ በሩን መዝጋት ግን የንግድ መብት ነው ብዬ አልቀበልም።

እስከዚያው ድረስ ሥራችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢት፣ ሁሉንም ከአንድ መነሻ ነጥብ ጀምራችሁ አውጡት። የፒያኖውንና የከበሮውን ሚዲ ጨምሩበት። ቴምፖውንና ቅኝቱን በጽሑፍ አያይዙ። እንዲህ የተቀመጠ ሥራ በየትኛውም ሲስተም፣ በየትኛውም ሶፍትዌር ይከፈታል። አዲስ ሶፍትዌር ስትገዙ ደግሞ ከድምጹ ጥራት እኩል ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ነገ ኮምፒውተሬን ብቀይር ይከተለኛል ወይ? ካልተከተለኝስ ሥራዬን ይዤ እንድወጣ ይፈቅድልኛል ወይ? ሁለቱንም አይሆንም ለሚል አምራች ገንዘባችሁን አትስጡ።