ቀላሏ ሳንቲምና ሰብሳቢዎቿ

መዳፍ ላይ ስትቀመጥ መኖሯ እንኳ አይታወቅም። ክብደቷ 0.6 ግራም፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ 17 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ገጿ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ጥማድ በሬ ይዞ የሚያርስ ገበሬ ይታያል፤ ዓመቱ ፲፱፻፷፱ ተብሎ በግዕዝ ቁጥር ተቀርጿል። በደርግ ዘመን የወጣችው ይህች የአሉሚኒየም አንድ ሳንቲም ዛሬ ሱቅ ውስጥ ምንም አትገዛም። ሰብሳቢዎች ግን በአንበሳው ራስ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ልዩነቶች ሳይቀር እየለዩ ይይዟታል።

አሉሚኒየም ራሱ በአንድ ወቅት ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ሲጠናቀቅ ጫፉ ላይ የተቀመጠው የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብረቱን በኤሌክትሪክ የማንጠር ዘዴ ተገኘና ዋጋው ወረደ። በ1907 ብሪታንያ በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ መሃላቸው የተበሳ የአሉሚኒየም ሳንቲሞች አወጣች። ሙቀቱና እርጥበቱ ግን በላቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ በመዳብና ኒኬል ቅልቅል ተተኩ። ያልተበላ የ1907 ሳንቲም ማግኘት አስቸጋሪ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሳንቲም ላይ የተጻፈው ቁጥር ለሰብሳቢ ያለውን ዋጋ አይነግርም። ጀርመን በ1923 የዋጋ ንረት ሲያናውጣት የ200 እና የ500 ማርክ ሳንቲሞችን በአሉሚኒየም አትማለች። የ200 ማርኩ በብዛት ስለተመረተ ዛሬም በርካሽ ይገኛል።

ሌሎች ሰብሳቢዎች ደግሞ እንግዳ የሆነ የዋጋ መጠን ያላቸውን ያሳድዳሉ። ከ1964 ጀምሮ የወጣው ባለ ስድስት ጎን የሕንድ 3 ፓይሳ ሁለቱንም ያሟላል፦ አሉሚኒየም ነው፤ የዋጋ መጠኑም ያልተለመደ ነው። ሩፒ በ16 አና ይመነዘር በነበረበት ዘመን የነበረው ግማሽ አና በአዲሱ የአሥርዮሽ ስሌት ወደ 3 ፓይሳ ይጠጋል። አሜሪካም በ1851 ባለ 3 ሳንቲም ገንዘብ ስታወጣ የደብዳቤ ቴምብር ዋጋ ወደ 3 ሳንቲም ወርዶ ነበር። በ1875 የጀመረችው ባለ 20 ሳንቲም ግን ከባለ 25ቱ ጋር እየተምታታ ሕዝቡን ስላስቸገረ ዕድሜው አጠረ። በአገራችንም በምኒልክ ዘመን የብር 1/32ኛ የሆነ የመዳብ ሳንቲም ነበር።

ዋጋ የሚተምነው ሰው በቅድሚያ ዓመቱንና የተመረተውን ብዛት፣ ቀጥሎ ይዞታውን ይመለከታል። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አንድ ቀን ቢውል ይጫጫራል። ስለዚህ ማጉያ መነጽር ይያዝና በኛዋ አንድ ሳንቲም ላይ የበሬዎቹ ቀንድና የገበሬው ልብስ እጥፋት ይታያል፤ እነዚህ ካልተላጩ ሳንቲሙ ብዙ እጅ አልነካውም ማለት ነው። ለማስዋብ ብሎ መፈተግ ዋጋውን ይጥላል። በሳሙናና በአመድ ማጠብም ብረቱን ይጎዳዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጎመጀው ለገበያ ያልበቃው ነው። የመዳብ ዋጋ ሲንር አሜሪካ 1974 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ የአሉሚኒየም አንድ ሳንቲሞች አመረተች፤ ናሙናዎችንም ለምክር ቤት አባላት አደለች። በሳንቲም የሚሠሩ የመሸጫ ማሽኖች ባለቤቶች ተቃወሙ፤ የሕፃናት ሐኪሞችም ልጅ ቢውጠው በኤክስሬይ በደንብ አይታይም ብለው ሰጉ። ሳንቲሞቹ እንዲቀልጡ ተደረገ፤ ናሙናዎቹ ግን ሁሉም አልተመለሱም። መንግሥት አሁንም የኔ ናቸው ስለሚል እጁ የገቡለት ሰው በነፃነት ሊሸጣቸው አይችልም። አንዱ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።